ሪያድ ላይ የተነበበው መልቀቂያ፦ ዲፕሎማቶች ሳአድ ሐሪሪን ወደ ወንበራቸው የመለሱበት መንገድ

ዲፕሎማቶች አልለቅም ያለ መሪን ሲለማመጡ ብዙ ጊዜ አይተናል። ተገላቢጦሹ ግን ብርቅ ነው። መሪው "ለቅቄያለሁ" ይላል፤ የሌላ አገር ሰዎች ደግሞ "ኧረ ይቆዩ" እያሉ ከኋላው ይሮጣሉ። በ2017 መጨረሻ በሊባኖሱ ጠቅላይ ሚኒስትር በሳአድ ሐሪሪ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። (ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ነገሩ የጀመረባት ኖቬምበር 4 ቀን በእኛ ጥቅምት 25 ቀን 2010 ነበረች።)

ጉዳዩን ደጋግሜ ሳየው የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። "ሥልጣን ላይ ቢቆዩ ይሻልዎታል" ብሎ ሐሪሪን በክርክር የረታ ሰው አልነበረም። ክርክሩ ጭራሽ አላስፈለገም። ሽምግልናው ሌላ ቦታ ላይ ነው የተሠራው። ሰውዬው ከነበሩበት ቦታ እንዲነሱ ተደረገ። ጊዜ ተገኘላቸው። ላስጨነቋቸውም ወገኖች ሳያፍሩ እጃቸውን የሚሰበስቡበት በር ተከፈተ። ይህ ከተሟላ በኋላ መልቀቂያው የሚቆምበት መሬት አጣ።

ሰውዬውና ወንበሩ

ሐሪሪ የተወለዱት በ1970 ሪያድ ውስጥ ነው። የሊባኖስም የሳዑዲም ዜግነት አላቸው። አባታቸው ራፊክ ሐሪሪ በሳዑዲ የግንባታ ሥራ የከበሩ፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላም የሊባኖስ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ ሰው ነበሩ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2005 ቤሩት መሐል በከባድ ፍንዳታ ተገደሉ። ከሳቸው ጋር 21 ሰዎች አለቁ። ልጅየው ፖለቲካውን ወረሱ፣ የሳዑዲን ድጋፍም አብረው ወረሱ። ሳዑዲ ኦጀር የተባለው የቤተሰቡ ኩባንያ ግን ሠራተኞቹ ለወራት ደመወዝ ሳያገኙ ከቆዩ በኋላ በ2017 አጋማሽ ተዘጋ። ይህንን ያዙልኝ። ሪያድ በሐሪሪ ላይ የነበራት ጉልበት በፖለቲካ ብቻ የሚለካ አልነበረም። ገንዘብም፣ ዜግነትም፣ እዚያው የሚኖሩ ሚስትና ልጆችም ነበሩበት።

የሊባኖስ ሥልጣን በሃይማኖት የተከፋፈለ ነው። ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ የፓርላማው አፈ ጉባኤ ሺዓ መሆን አለባቸው። አንዱ ወንበር ባዶ ሲሆን ሌላውም ሥራው ይቆማል። ከሐሪሪ ሹመት በፊት አገሪቱ 29 ወር ያለ ፕሬዚዳንት ቆይታለች። ኦክቶበር 31 ቀን 2016 የሺዓው ታጣቂ ድርጅት የሒዝቦላህ አጋር የሆኑት ሚሼል አውን ፕሬዚዳንት ሆኑ። በስምምነቱ መሠረት ሐሪሪ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ያዙ። ካቢኔው ውስጥ የሒዝቦላህ ሚኒስትሮችም ገቡ።

ይህ ለሳዑዲ የሚዋጥ ነገር አልነበረም። በሪያድ ዓይን የራሷ ሰው የኢራን አጋር ለሆነው ድርጅት ሽፋን ሆኖ ተቀምጧል። ሒዝቦላህ በወቅቱ ሶሪያ ውስጥ ከፕሬዚዳንት አሳድ ጎን ይዋጋ ነበር። የመን ውስጥ ሳዑዲ የምትወጋቸውን ሑቲዎች ይረዳል የሚል ክስም ይቀርብበት ነበር። ሪያድ ደግሞ በዚያ ዓመት ወጣቱ አልጋ ወራሽ መሐመድ ቢን ሳልማን በሁሉም አቅጣጫ የሚቸኩሉበት ጊዜ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት

ዓርብ ኖቬምበር 3 ሐሪሪ ቤሩት ውስጥ የኢራኑን መንፈሳዊ መሪ አማካሪ አሊ አክባር ቬላያቲን ተቀብለው አነጋገሩ። በዚያው ቀን ወደ ሪያድ በረሩ። ቅዳሜ ኖቬምበር 4 በሳዑዲው የቴሌቪዥን ጣቢያ አል ዐረቢያ ላይ ቀርበው መልቀቂያቸውን አነበቡ።

በመሐል የሆነውን ኒው ዮርክ ታይምስ ከሳምንታት በኋላ በዝርዝር ዘግቦታል። ዘገባው እንደሚለው ሐሪሪ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ንጉሣዊው ጽሕፈት ቤት ተጠሩ። ከልዑሉ ጋር በረሃ ወጥተው ድንኳን ጥለው ሊዝናኑ መስሏቸው ጂንስና ቲሸርት ለብሰው ነበር። እዚያ ሲደርሱ ስልኮቻቸው ተወሰዱ። ከአንዱ በቀር ጠባቂዎቻቸው ተለዩ። ተሰደቡ፣ ተገፈተሩ። ከዚያ ተጽፎ ያለቀ ንግግር ተሰጣቸው። ለቴሌቪዥኑ የሚሆን ሱፍ እንኳ ከቤታቸው ያስመጡት ጠባቂዎችን ጠይቀው ነው። ሳዑዲ ይህንን ሁሉ ታስተባብላለች፤ ሐሪሪ በፈቃዳቸው መጡ፣ በፈቃዳቸው ለቀቁ ባይ ናት። ሐሪሪ ራሳቸው ደግሞ በዚያች ጠዋት የሆነውን በአደባባይ አላወሩም።

ንግግሩ ኢራንንና ሒዝቦላህን በስም እየጠራ የሚያወግዝ ነበር። ኢራን በአካባቢው የዘረጋችው እጅ ይቆረጣል የሚል ዛቻ ነበረበት። በሕይወታቸው ላይ ሴራ እንዳለም ተናገሩ፤ ድባቡ አባታቸው ከመገደላቸው በፊት የነበረውን ይመስላል አሉ። ቤሩት ያሉ የገዛ ወገኖቻቸው ሳይቀሩ ጆሯቸውን ተጠራጠሩ። ሐሪሪ እንዲህ አይናገሩም። ለስለስ ያሉ፣ ከሁሉም ጋር ተቻችለው ለመኖር የሚሞክሩ ሰው ናቸው።

ያቺ ቅዳሜ ጉድ የበዛባት ቀን ነበረች። ማታውኑ ሑቲዎች የተኮሱት ሚሳይል ወደ ሪያድ አውሮፕላን ማረፊያ መጣ። በዚያው ሌሊት ልዑላንና ባለሀብቶች እየታፈሱ ሪትዝ ካርልተን ሆቴል ውስጥ መታሰራቸው ተሰማ። እነዚህን ሦስት ዜናዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ዲፕሎማት ሐሪሪን እንደ አንድ ተራ ሥልጣን ለቃቂ ሊያያቸው አይችልም ነበር።

አውን ያደረጉት ትንሽ የምትመስል ነገር

ፕሬዚዳንት አውን ዜናውን የሰሙት በስልክ ነው፤ ሐሪሪ ከውጭ ደውለው ነገሯቸው። በሊባኖስ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 53 መሠረት የመንግሥትን መልቀቂያ ተቀብሎ ድንጋጌ የሚያወጣው ፕሬዚዳንቱ ነው። አውን ድንጋጌውን አላወጡም። ሰውዬው ቤሩት መጥተው ምክንያታቸውን በአካል እስኪያስረዱ ድረስ መልቀቂያውን እንደማይቀበሉ አሳወቁ። አለቀ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የጉዳዩ መዘውር እዚህ ላይ ነው። አውን ሳዑዲን ወዲያው አልሰደቡም። መልቀቂያው ሐሰት ነውም አላሉም። የጠየቁት ሥርዓት ብቻ ነበር። ይህ ግን ከውጭ ያሉትን ዲፕሎማቶች ትልቅ ሸክም አቃለለላቸው። ሐሪሪ በሕግ አሁንም ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ማንም ሊጎበኛቸው፣ ሊጋብዛቸው፣ ሊጠይቃቸው ይችላል። "በሊባኖስ የውስጥ ጉዳይ ምን አገባችሁ?" የሚል ቢመጣ መልሱ ዝግጁ ነው፤ የሚጠየቀው የአንድ አገር መሪ ነው። አውን ያን ቀን ፈርመው ቢሆን ኖሮ ሐሪሪ ሪያድ ውስጥ የሚኖሩ የሳዑዲ ዜጋና የቀድሞ ባለሥልጣን ሆነው ይቀሩ ነበር። ፓሪስም ሆነ ለንደን እጃቸውን የሚያስገቡበት ቀዳዳ አይኖርም።

የሒዝቦላሁ መሪ ሐሰን ነስረላህም በማግስቱ ወጥተው ውሳኔው የሐሪሪ እንዳልሆነ፣ ከሳዑዲ የመጣ እንደሆነ ተናገሩ፤ ደጋፊዎቻቸውም እንዲረጋጉ ጠየቁ። ሐሪሪን ለማዳን የመጀመሪያው ድምፅ የመጣው መልቀቂያው ካወገዛቸው ሰዎች መሆኑ ነው። የሊባኖስ ነገር!

በሱኒዎቹ ሰፈርም የተጠበቀው አልሆነም። የሐሪሪ ታላቅ ወንድም ባሃ ሐሪሪ ቦታውን እንዲይዙ ታስቧል የሚል ወሬ ተናፈሰ። ይህን ሲጠየቁ የሐሪሪ ፓርቲ ሰውና የአገር ውስጥ ሚኒስትር የነበሩት ኑሃድ ማሽኑቅ የሰጡት መልስ እስካሁን ይጠቀሳል። እኛ የበግ መንጋ አይደለንም፣ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚዛወር ቁራሽ መሬትም አይደለንም የሚል ነበር መልእክቱ። ኖቬምበር 12 በተካሄደው የቤሩት ማራቶን ላይ ሯጮች የሐሪሪን መመለስ እንደሚጠብቁ የሚናገሩ ጽሑፎችን ይዘው ሮጡ። ሐሪሪን መርጠው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ "ጠቅላይ ሚኒስትራችንን መልሱልን" አሉ። ነገሩ የአንድ ሰው ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአገር ክብር ሆነ።

የሪያድ ጎብኚዎች

ከሳምንቱ አጋማሽ ጀምሮ አምባሳደሮች በሪያዱ የሐሪሪ ቤት መመላለስ ጀመሩ። የፈረንሳይና የብሪታንያ አምባሳደሮች፣ የአውሮፓ ኅብረት ተወካይ፣ የአሜሪካ ጉዳይ ፈጻሚ። ለወሬ ያህል "የትውውቅና የምክክር ጉብኝት" ነው። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ሰውዬው በሕይወት አሉ? በራሳቸው አፍ ይናገራሉ? ብቻቸውን ማነጋገር ይቻላል?

የኒው ዮርክ ታይምስ ዘገባ ውስጥ አንዲት ዝርዝር አለች፤ ከሁሉ በላይ እሷ ናት አእምሮዬ ውስጥ የቀረችው። ምዕራባውያን ዲፕሎማቶች ሐሪሪን ሲጎበኙ ክፍሉ ውስጥ ሁለት የሳዑዲ ጠባቂዎች ነበሩ። ዲፕሎማቶቹ ጠባቂዎቹ ይውጡልን ሲሉ "ግድ የለም፣ ይቀመጡ" ያሉት ሐሪሪ ራሳቸው ናቸው። አምባሳደር ሆኖ ይህን የሰማ ሰው ለዋና ከተማው ምን ብሎ ይጽፋል? ሰውዬው ታስሬያለሁ አላሉም። ነፃ ነኝም አላሉም። ግን ደግሞ ብቻቸውን ሆነው መናገር አልፈለጉም። ያንን ጥቂት ነገር ማየት ነበር የጉብኝቱ ትርፍ።

በአደባባይ የሚባለው ከዚህ በጣም የራቀ ነበር። የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዣን ኢቭ ለ ድሪያን ኖቬምበር 10 ለሬዲዮ ሲናገሩ፣ እስከሚያውቁት ድረስ ሐሪሪ የመንቀሳቀስ ነፃነት አላቸው አሉ። ይህን ያነበቡ ብዙ ሊባኖሳውያን ተናደዱ። እኔ ግን እንደ ዋዛ የተነገረ አይመስለኝም። ፈረንሳይ "ታግተዋል" ብላ በይፋ ብትናገር ሳዑዲ ለመካድ ትገደዳለች፤ ከካደች በኋላ ደግሞ መልቀቅ ማመን ይሆንባታል። "ነፃ ናቸው" ከተባለ ግን ቀጣዩ ጥያቄ ራሱ ይመጣል፤ ነፃ ከሆኑ ታዲያ ለምን አይንቀሳቀሱም?

አሜሪካ በሁለት አፍ ነበር የምትናገረው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ኖቬምበር 6 በትዊተር፣ ንጉሡና አልጋ ወራሹ የሚያደርጉትን ጠንቅቀው ያውቃሉ ብለው የልዑላኑንና የባለሀብቶቹን እስር ደገፉ። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ሬክስ ቲለርሰን ደግሞ ኖቬምበር 10 ባወጡት መግለጫ ሐሪሪን ጠንካራ አጋር ብለው ጠሩ፤ ሊባኖስን የእጅ አዙር ጦርነት ሜዳ ለማድረግ የሚሞክር ሁሉ እንዲጠነቀቅም አሳሰቡ። ሪያድ የመጀመሪያውን ሰምታ ደስ ሳይላት አልቀረችም። ሁለተኛው ግን የመንግሥት ሠራተኛውና የጦሩ አቋም ነበር። ዋሽንግተን ለሊባኖስ ጦር ለዓመታት ገንዘብና መሣሪያ ስትሰጥ ቆይታለች።

አውን በበኩላቸው በቤሩት የአምባሳደሮችን ደጅ አላስተኙም። ኖቬምበር 10 የሳዑዲውን ጉዳይ ፈጻሚ ጠርተው መልቀቂያው የተነገረበት መንገድ ተቀባይነት እንደሌለው ነገሯቸው። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ገብራን ባሲል የአውሮፓን ዋና ከተሞች ሊዞሩ ተነሱ።

ጭንቀቱ የሐሪሪ ብቻ አልነበረም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሊባኖሳውያን በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሠርተው ገንዘብ ይልካሉ። ኖቬምበር 9 ሳዑዲ ዜጎቿ ሊባኖስን ለቀው እንዲወጡ ስታዝ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የሊባኖሳውያን መባረር ነው የሚል ፍርሃት ነገሠ። አንድ የሳዑዲ ሚኒስትር ከዚያ በፊት ሊባኖስ በሳዑዲ ላይ ጦርነት እንዳወጀች ትቆጠራለች ብለው ነበር። አውሮፓ ደግሞ የራሷ ስጋት ነበራት። ሊባኖስ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ የተመዘገቡ የሶሪያ ስደተኞች ነበሩ። በደቡብ ሊባኖስ በተመድ ሰላም አስከባሪነት የተሰማሩ የአውሮፓ ወታደሮችም ነበሩ። አገሪቱ ብትናጋ ጣጣው ለሁሉም ይተርፋል።

ማክሮን በሪያድ

ኖቬምበር 8 ኢማኑኤል ማክሮን የአቡ ዳቢን ሉቭር ሙዚየም ሊመርቁ ኤምሬትስ ገብተው ነበር። በማግስቱ በፕሮግራማቸው ያልነበረ ጉዞ ወደ ሪያድ አደረጉ። ከመሐመድ ቢን ሳልማን ጋር ለሁለት ሰዓት ያህል ተነጋገሩ። ከዚያ ወደ ፓሪስ። ሐሪሪን ይዘው አልተመለሱም።

ለምን ፈረንሳይ? አንደኛ የቀድሞ የሞግዚት አስተዳዳሪ ናት፤ ቤሩት ውስጥ ቃሏ ይሰማል። ሁለተኛ ከቤተሰቡ ጋር የቆየ ወዳጅነት አለ። ራፊክ ሐሪሪና ዣክ ሺራክ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ሺራክ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ፓሪስ ውስጥ የኖሩት የሐሪሪ ቤተሰብ በሆነ አፓርታማ ነው። ሦስተኛ፣ ለኔ ዋናው ይሄ ይመስለኛል፣ ማክሮን ገና ስድስት ወራቸው ነበር። ከኢራንም ከሳዑዲም ጋር መነጋገር የሚችል ሰው መሆን ይፈልጉ ነበር። ሪያድም ከአዲሱ የፈረንሳይ መሪ ጋር ገና ከጅምሩ መቀያየምን አልፈለገችም።

ኖቬምበር 12 ሐሪሪ ከሪያድ በራሳቸው የፓርቲ ጣቢያ ለጋዜጠኛ ፖላ ያዕቁቢያን ቃለ መጠይቅ ሰጡ። ፊታቸው የደከመ ነበር፤ ውሃ ደጋግመው ጠጡ፤ እንባም ተናነቃቸው። ከበስተጀርባ ወረቀት የያዘ ሰው በካሜራ ታየና ሊባኖስ ሌሊቱን ስለሱ ስታወራ አደረች። ይዘቱን ያዳመጠ ግን ለውጥ አየ። በቅርቡ እመለሳለሁ አሉ። ሒዝቦላህ ከአካባቢው ጦርነቶች እጁን የሚሰበስብ ከሆነ መልቀቂያውን ሊተዉት እንደሚችሉም ጠቆሙ። ከስምንት ቀን በፊት የተዘጋው በር ትንሽ ገርበብ አለ።

ከዚያ ኖቬምበር 15 ሁለት ነገር በአንድ ቀን ሆነ። አውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሐሪሪ ታግተዋል፣ ይህም በሊባኖስ ላይ የተፈጸመ ጥቃት ነው አሉ። ማክሮን ደግሞ ሐሪሪንና ቤተሰባቸውን ለጥቂት ቀናት ፓሪስ ጋበዙ። ስደት ነው ወይ ሲባሉ አይደለም አሉ። አንዱ ሲቆጣ ሌላው ይጋብዛል። ተነጋግረውበት ይሁን ሳይነጋገሩ፣ ውጤቱ ግን እንደ ደህና ሽምግልና ነበር፤ አንዱ ሽማግሌ ጠረጴዛ ይመታል፣ ሌላው "እሺ፣ ለጊዜው እኔ ቤት ይረፍ" ይላል። ሪያድ ሐሪሪን ወደ ቤሩት ብትሸኝ መሸነፏ ነው። ለወዳጅ አገር ግብዣ መሸኘት ግን ነውር የለውም። ማክሮን ያገኙት መውጫ ይህ ነበር፤ ጥበቡም በቀላልነቱ ነው።

ለ ድሪያን ኖቬምበር 16 ሪያድ ተገኝተው ሐሪሪን አነጋገሩ። ማክሮን በማግስቱ ሐሪሪ ለጠቅላይ ሚኒስትር የሚገባ አቀባበል እንደሚደረግላቸው ተናገሩ፤ መልቀቂያቸው በአገራቸው ገና አልጸደቀምና። የአውን አለመፈረም እዚህ ላይ ሥራውን ሲሠራ ታያላችሁ።

ጮክ ብለው የተናገሩት

ጀርመን ሌላውን መንገድ ሞከረች። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ዚግማር ጋብርኤል ኖቬምበር 16 ከባሲል ጋር ቆመው፣ በአካባቢው ስለሚታየው ጀብደኝነት ተናገሩ፤ ይህንን አውሮፓ በዝምታ እንደማታልፈውም ጠቆሙ። ሳዑዲ ወዲያው አምባሳደሯን ከበርሊን ጠራች። ግንኙነቱ የተጠገነው በቀጣዩ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ ያም አዲሱ የጀርመን ሚኒስትር ለተፈጠረው አለመግባባት ጸጸታቸውን ከገለጹ በኋላ።

አስቂኙ ነገር ሐሪሪ ከሪያድ ሲወጡ በእንግሊዝኛ ትዊት አደረጉ። ታግቻለሁ፣ ከአገር እንዳልወጣ ተከልክያለሁ የሚለው ውሸት ነው፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እየሄድኩ ነው፣ አቶ ዚግማር ጋብርኤል ሆይ የሚል። ሊያስፈታቸው የጮኸላቸውን ሰው በስም ጠርተው አስተባበሉት! ለሐሪሪ የመውጫው ዋጋ ይህ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ጋብርኤል ያሉት እውነት አልነበረም ማለቴ አይደለም። ምናልባትም ከሁሉ ቀጥተኛው ንግግር የሳቸው ነበር። ግን ሐሪሪን ከሪያድ ያስወጣው እሱ አይደለም።

ከፓሪስ እስከ ቤሩት

ቅዳሜ ኖቬምበር 18 ሐሪሪ ከባለቤታቸው ጋር ፓሪስ ገቡ። ትልቁ ልጃቸው እዚያው ተቀላቀላቸው። ሁለቱ ትናንሽ ልጆች ሪያድ ቀሩ። ምክንያቱ ትምህርት ነው ተባለ፤ አንዳንዱ አመነ፣ አንዳንዱ አላመነም። ኤሊዜ ቤተ መንግሥት ምሳ ተበላ። ሐሪሪ ለአውን ደውለው ለነፃነት ቀን በዓል ቤሩት እንደሚገኙ ነገሯቸው።

ቀጥታ ወደ ቤሩት አለመብረራቸውን ልብ በሉ። ኖቬምበር 21 ካይሮ ወርደው ፕሬዚዳንት አል ሲሲን አገኙ። ቀጥለው ቆጵሮስ ላይ አጭር ቆይታ አድርገው ማታውኑ ቤሩት ገቡ። መጀመሪያ የሄዱት ወደ አባታቸው መቃብር ነው። በካይሮ ማለፋቸው ትርጉም ነበረው። ግብፅ የሳዑዲ አጋር ናት፤ ግን ከሒዝቦላህና ከኢራን ጋር አዲስ ጦርነት እንደማትፈልግ በግልጽ ተናግራለች። አንድ የአረብ አገር መሪ ከሐሪሪ ጎን ሲታይ፣ ነገሩ "ምዕራባውያን ነጠቁን" ከሚል ቅሬታ ይድናል።

ኖቬምበር 22 ሐሪሪ በወታደራዊ ሰልፉ ላይ በቦታቸው ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ፕሬዚዳንቱ ባብዳ ቤተ መንግሥት ገብተው ከአውን ጋር ለብቻቸው ተነጋገሩ። ሲወጡ መልቀቂያቸውን ለፕሬዚዳንቱ እንዳቀረቡና ፕሬዚዳንቱ ለተጨማሪ ምክክር እንዲያቆዩት ስለጠየቋቸው መስማማታቸውን ተናገሩ። አልሻሩትም። አላጸኑትም። አቆዩት። ሪያድም "ቃሉን አጠፈ" ማለት አትችልም፤ ቤሩትም ጠቅላይ ሚኒስትሯን አገኘች።

የመጨረሻው እርምጃ የተወሰደው ዲሴምበር 5 ነው። ካቢኔው ተሰብስቦ፣ የሒዝቦላህ ሚኒስትሮች ባሉበት፣ ሊባኖስ ከአረብ አገሮች ግጭትና የውስጥ ጉዳይ ራሷን እንደምታርቅ በአንድ ድምፅ ወሰነ። ሐሪሪ ይህን ምክንያት አድርገው መልቀቂያውን ተዉት። ከሦስት ቀን በኋላ ፓሪስ ላይ ቲለርሰን በተገኙበት የሊባኖስ ዓለም አቀፍ የድጋፍ ቡድን ተሰበሰበ። የካቢኔው ውሳኔ አዲስ ነገር አልነበረውም ማለት ይቻላል። ራስን የማራቅ ፖሊሲው ከዚያ በፊትም በወረቀት ላይ ነበር፤ ሒዝቦላህም ከሶሪያ ወዲያው አልወጣም። ግን ለሁሉም የሚያሳዩት ወረቀት ሆነላቸው። ሪያድ "ያልነው ተደረገ" አለች፣ ሒዝቦላህ ምንም አልከፈለም፣ ሐሪሪ ምክንያት አገኙ።

ከዚያ በኋላ

ማክሮን በሜይ 2018 ለቴሌቪዥን ሲናገሩ፣ የፈረንሳይ ድምፅ ባይደመጥ ኖሮ ሊባኖስ ውስጥ አሁን ጦርነት ሳይኖር አይቀርም ነበር አሉ፤ ሐሪሪ ሳዑዲ ውስጥ ተይዘው እንደነበርም ጨመሩ። ሳዑዲ አስተባበለች። ስድስት ወር ሙሉ አፋቸው ላይ ያልወጣውን ቃል ያኔ መናገራቸው አያስገርምም፤ ሥራው አልቋልና። ጦርነቱን አስቀረሁ ያሉትን ግን በጥንቃቄ ነው የምወስደው። የሊባኖስ ወገኖች ራሳቸው፣ ከነስረላህ እስከ ማሽኑቅ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ረጋ ባይሉ ኖሮ የማክሮን ግብዣ የሚደርሰው ለተበጣጠሰ አገር ነበር።

በኦክቶበር 2018 ሐሪሪ ሪያድ ውስጥ በተካሄደ የኢንቨስትመንት ጉባኤ ላይ ከመሐመድ ቢን ሳልማን ጎን ተቀምጠው ታዩ። ልዑሉ ሐሪሪ ለሁለት ቀን እዚህ ይቆያሉ፣ ታፍነዋል የሚል ወሬ እንዳታናፍሱ ብለው ቀለዱ። አዳራሹ ሳቀ። ሐሪሪም ሳቁ። ምን ይደረግ፣ ሌላ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር?

ሽምግልናው ሐሪሪን ወንበራቸው ላይ መለሳቸው፤ ጉልበታቸውን ግን አልመለሰም። በሜይ 2018 ምርጫ ፓርቲያቸው ከመቀመጫዎቹ ሲሶ ያህሉን አጣ። በ128 መቀመጫው ምክር ቤት ሒዝቦላህና አጋሮቹ አብላጫውን ያዙ። ሪያድ ልትቀንሰው የፈለገችው ኃይል በረታ ማለት ነው። አዲሱ መንግሥት እስኪዋቀር ወደ ዘጠኝ ወር ፈጀ። በኦክቶበር 2019 ሕዝቡ ጎዳና ሲወጣ ነስረላህ መንግሥቱ ሥልጣን እንዳይለቅ በይፋ ተናግረው ነበር። ሐሪሪ ግን ኦክቶበር 29 ባብዳ ሄደው መልቀቂያቸውን አስገቡ፤ አውንም ተቀበሉት። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ከፖለቲካ ሥራ ራሳቸውን ማግለላቸውን፣ ፓርቲያቸውም በምርጫው እንደማይወዳደር አስታወቁ። ሱኒዎቹ በሙሉ በሳቸው ልክ የሚያሰባስብ ሰው ሳያገኙ ነው ወደዚያ ዓመት ምርጫ የገቡት።